ሰዓቱን ከየት እንቁጠር? ስለ አሜሪካ ፖሊስ ተኩስና ስለ ዘር ክርክር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ እነዳለሁ። ተራ ስንጠብቅ ይሄ ክርክር አያልቅም። አንዱ ‹በፖሊስ ጥይት የሚሞቱት የሚበዙት ነጮች ናቸው› ይላል፤ ሌላው ‹ጥቁር በእጥፍ ይገደላል› ይላል። ሁለቱም ስልክ አውጥተው ያሳያሉ። ማን ነው ልክ? በቪዲዮ እየታየስ ፖሊሱ ለምን ነጻ ይወጣል? እኛንስ ሲያስቆሙን ምን እናድርግ?»

ሁለቱም ወዳጆችዎ ያሳዩት ቁጥር ልክ ነው። የሚያጣላቸው ቆጠራው የሚጀመርበት ቦታ ነው። ይህን ከያዙ የቪዲዮውም ጉዳይ በዚያው ይፈታልዎታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ከ2015 እስከ 2024 ፖሊስ ተኩሶ የገደላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ሲመዘግብ ቆይቷል። በዓመት 1,000 ሰው ገደማ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከዚያም ከፍ ብሏል። ዘራቸው ከታወቀው መካከል ግማሽ ያህሉ ነጮች፣ ከሩብ ጥቂት የሚበልጡት ጥቁሮች ናቸው። እዚህ ላይ ካቆሙ የመጀመሪያው ወዳጅዎ ረታ። ነገር ግን ከአገሩ ሕዝብ 60 በመቶ ገደማው ነጭ፣ 14 በመቶ ገደማው ጥቁር ነው። ሟቹን ለየሕዝቡ ብዛት ሲያካፍሉት ጥቁሩ ከነጩ ከእጥፍ በላይ ይገደላል። በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ በዕድሜ ዘመን አስልቶት፣ ከ1,000 ጥቁር ወንዶች አንዱ በፖሊስ እጅ ይሞታል የሚል ውጤት ላይ ደርሷል፤ ይህም የነጭ ወንድ 2.5 እጥፍ ገደማ ነው።

መንግሥት እያለ ጋዜጣ ለምን ቆጠረ? በአሜሪካ 18,000 ገደማ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ የከተማው፣ የካውንቲው ሸሪፍ፣ የስቴቱ፣ የዩኒቨርሲቲው ሳይቀር ሁሉም የራሱ አለቃ ነው። ኤፍቢአይ ስለ ኃይል አጠቃቀም ከየመምሪያው መረጃ መሰብሰብ የጀመረው በ2019 ሲሆን፣ የሚልከውም የፈቀደ ብቻ ነው። የሞት ምስክር ወረቀትም ቢሆን አያስተማምንም። ወረቀቱን የሚሞላው ሰው «በጥይት ቆስሎ» ብሎ ጽፎ ተኳሹ ፖሊስ መሆኑን ካልጠቀሰ፣ ሟቹ ከተራው የነፍስ ግድያ ጋር ይደመራል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2021 የወጣ ጥናት ከ1980 እስከ 2018 በፖሊስ እጅ ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመንግሥቱ መዝገብ በትክክለኛው ረድፍ እንዳልገቡ አሳይቷል።

የጋዜጣው ዝርዝርም ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቆጠረው ተኩስ ብቻ ስለሆነ፣ አንገቱ በፖሊስ ጉልበት ተጭኖ የሞተው ጆርጅ ፍሎይድ እዚያ የለም። «የታጠቀ» የሚለው ረድፍም ሰፊ ነው፦ ሽጉጥ የደገነም፣ ቢላ የያዘም፣ በፈቃድ የያዘውን ሽጉጥ ያልነካም አንድ ላይ ይገባሉ። «ያልታጠቀ» በሚለው ውስጥም ከፖሊሱ ጋር ተናንቆ ሽጉጡን ሊነጥቅ የሞከረ ይገኛል። ረድፉን ሳያዩ ድምሩን ይዞ መሟገት አያዛልቅም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። «ፖሊስ የሚያገኘው ሕዝቡን ሁሉ አይደለም፤ ከፖሊስ ጋር ለተገናኙት ሰዎች ብዛት ይካፈል» ይላል። ዋዛ ክርክር አይደለም። የሃርቫርዱ የኢኮኖሚ ምሁር ሮላንድ ፍራየር፣ ራሱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በ2016 ባወጣው ጥናት የሂዩስተንን መዝገብ መርምሮ በተኩስ ላይ የዘር ልዩነት አላገኘም። በዚያው ጥናት መግፋት፣ ግድግዳ ማስደገፍ፣ በካቴና ማሰር በመሳሰለው ግን በጥቁሩ ላይ የሚደርሰው 50 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ቆርጠው የሚያሰራጩት ሁለተኛውን አይነግሩዎትም።

መልሱ የመጣው በ2020 ነው። ኖክስ፣ ሎውና ሙሞሎ የተባሉ ተመራማሪዎች «መዝገቡ የሚጀምረው ፖሊስ ሰውየውን ካስቆመ በኋላ ነው፤ ማስቆሙ ራሱ አድልዎ ካለበትስ?» ብለው ጠየቁ። ነገሩ እንዲታይ በፈጠራ ቁጥር እንሥራው። 100 ነጮች ተያዙ እንበል፤ ሁሉም በከባድ ወንጀል የተጠረጠሩ ናቸው፤ በ10ሩ ላይ ተተኮሰ። 10 በመቶ። ከጥቁሮቹ 100ው በከባድ ወንጀል፣ ሌሎች 100 ደግሞ በመኪና መብራትና መስታወት ሰበብ ተያዙ። ከፊተኞቹ በ10፣ ከኋለኞቹ በ5 ላይ ተተኮሰ። 15 ለ200፣ ማለትም 7.5 በመቶ። ወረቀቱ ላይ ጥቁሩ የሚሻለው ይመስላል። በከባዱ ጉዳይ ግን እኩል ነው፤ በቀላሉ ጉዳይ ደግሞ ነጩ ጭራሽ ያልቀረበበት ጥይት ጥቁሩን አግኝቶታል። የተያዘውን ብቻ ቆጥሮ አድልዎ የለም ማለት፣ ሚዛኑን ወንፊቱ ካለፈ በኋላ ማስቀመጥ ነው።

«ጥቁሮች በወንጀል ይበዛሉ» የሚለውም በዚሁ መልክ ይታያል። በነፍስ ግድያ መዝገብ የጥቁሮች ድርሻ ከሕዝብ ብዛታቸው እጅግ የላቀ መሆኑ እውነት ነው፤ ሟቾቹም በአብዛኛው ጥቁሮች ናቸው። ሆኖም በፖሊስ ከሚገደሉት ብዙዎቹ ከነፍስ ግድያ ጋር አይገናኙም፤ ነገሩ የተጀመረው በትራፊክ፣ በቤተሰብ ጠብ ወይም «ልጄ አእምሮው ታውኳል፣ እርዱኝ» በሚል የ911 (የድንገተኛ አደጋ ስልክ) ጥሪ ነው። በጋዜጣው መዝገብ ከሟቾቹ አምስት አንዱ የአእምሮ ሕመም ምልክት ነበረበት።

ሰዓቱን ከየት እንቁጠር የሚለው ጉዳይ ደግሞ እንደ ፈርጉሰን አፍጥጦ የታየበት ቦታ የለም። ኦገስት 9 ቀን 2014፣ ሚዙሪ፤ የ18 ዓመቱ ማይክል ብራውን ዳረን ዊልሰን በተባለ ፖሊስ ተገደለ። በማርች 2015 የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ሁለት ሪፖርቶች አወጣ። አንደኛው የዚያን ቀን ደቂቃዎች መረመረ፦ እጁን አንሥቶ ሳለ ነው የተገደለው የሚለው ምስክርነት ከአስከሬኑና ከደሙ ነጠብጣብ ጋር አይገጥምም፤ ፖሊሱን በፌዴራል ወንጀል ለመክሰስ የሚበቃ ማስረጃ የለም አለ። ሁለተኛው ያለፉትን ዓመታት መረመረ። ከከተማው ነዋሪ 67 በመቶው ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ መኪናቸውን ከሚያስቆሟቸው 85፣ የቅጣት ቲኬት ከሚቆረጥላቸው 90፣ ከሚታሰሩት 93 በመቶው ጥቁሮች ነበሩ። ከተማው በጀቱን በቅጣት ገንዘብ ለመሙላት ፖሊሱን ይገፋው ነበር። በትንሽ ቲኬት ቀጠሮ ያለፈው ሰው የእስር ማዘዣ ይወጣበታል፣ ቅጣት በቅጣት ላይ ይከመርበታል። አንዱን ብቻ ያነበበ «ነገሩ ሁሉ ውሸት ነበር» ይላል፤ ሌላውን ብቻ ያነበበ ዊልሰን በነጻ መሄዱ አይዋጥለትም። ከተማው በተቃውሞ ለምን እንደነደደ የሚገባው ሁለቱን ያነበበ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው። እርስዎ ቪዲዮውን ሲያዩ «ይህ ሰው መሞት ነበረበት?» ብለው ይጠይቃሉ። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ፍርዶች መሠረቱን ጥለዋል። በ1985 ቴነሲ በጋርነር ላይ በተባለው ጉዳይ፣ ሜምፊስ ውስጥ 10 ዶላርና ቦርሳ ሰርቆ አጥር ሲዘል በጥይት የተገደለውን የ15 ዓመት ልጅ ክርክር አይቶ፣ ሰው ስለሸሸ ብቻ አይተኮስበትም፤ ለሌላ ሰው ከባድ አደጋ መሆን አለበት አለ። በ1989 ግራሃም በኮነር ላይ መጣ። አንድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድበት ጁስ ሊገዛ ሱቅ ገባ፤ ረጅም ሰልፍ አይቶ በፍጥነት ተመልሶ ወጣ፤ ፖሊስ በዚህ ጠርጥሮ አስቆመውና ተጎዳ። ከዚህ የወጣው መመዘኛ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ አድራጎቱ የሚለካው በዚያች ቅጽበት እዚያ ቦታ ቆሞ በነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ዓይን ነው፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ ቁጭ ብሎ በሚያይ ሰው ዓይን አይደለም። ስለዚህ ሰውየው የያዘው ስልክ ሆኖ መገኘቱ ክርክሩን አይዘጋውም። ስልኩ ሽጉጥ መስሎ ሊታይ ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው የሚያከራክረው።

ቅጽበቷ ስትጠብብ ምን እንደሚሆን በክሊቭላንድ ይታያል። ኖቬምበር 22 ቀን 2014 አንድ ሰው 911 ደውሎ መናፈሻ ውስጥ አንድ ልጅ ሽጉጥ ይዞ ሰው እያስፈራራ እንደሆነ ተናገረ፤ ሽጉጡ የውሸት ሳይሆን እንደማይቀር፣ ልጁም ለአካለ መጠን ያልደረሰ እንደሚመስለው ጨመረ። ይህ ማሳሰቢያ ለፖሊሶቹ አልተላለፈም። መኪናቸውን ሣሩ ላይ እየነዱ ልጁ አጠገብ አቆሙ፤ በሩ ተከፍቶ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ ተመታ። ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለውን የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ (ግራንድ ጁሪው) አልከሰሰም። ሁለቱን ሰከንዶች ብቻ ካዩ፣ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ወዳለበት ወገቡ እጁን የላከ ሰው ይታያል። ከስልክ ጥሪው ከጀመሩ ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ መልእክቱን የዋጠው ሬዲዮ፣ መኪናውን እዚያ ያቆመው ሾፌር። ተኳሹ ከሥራ የተባረረው በ2017 ነው፤ ያውም በተኩሱ ሳይሆን ሲቀጠር ቀድሞ የነበረበት መምሪያ ለሥራው እንደማይሆን መገምገሙን ስለደበቀ። ከተማው ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

የፖሊስ ሥልጠና ራሱ ሦስት ነገር ይደግማል፦ ርቀት፣ ከለላ፣ ጊዜ። ክሊቭላንድ ላይ መኪናው ሣሩ ላይ ሲወጣ ሦስቱም አብረው ጠፉ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ለምን እግሩን አይመታም?» ነው፤ እዚህ ላይ ፖሊሶቹ ትክክል ናቸው። የሚሮጥ ጭን ጠባብ ዒላማ ነው፣ የሳተ ጥይት ሌላ ሰው ያገኛል፣ በጭን የሚያልፈው ትልቁ ደም ሥር ከተበጠሰም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈሶ ያልቃል። ሕጉም የትኛውንም ጥይት እንደ ገዳይ ኃይል ስለሚያየው፣ እግር ለመምታትም የሚያስፈልገው ያው ምክንያት ነው። መፍትሔው ካለ ያለው ከተኩሱ በፊት ነው። ችግሩ ሥልጠናው አጭር መሆኑ ነው፤ አማካዩ የፖሊስ አካዳሚ 800 ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ ሲሆን 70 ያህሉ ተኩስ ነው። ጀርመን ውስጥ ሥልጠናው ሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ 15 ቀን 2025 በዚህ በጠባቡ ሰዓት ላይ ተናግሯል። ባርንስ በፊሊክስ ላይ በተባለው ጉዳይ፣ ሂዩስተን አካባቢ ባልተከፈለ የመንገድ ክፍያ የተነሣ የቆመ መኪና መንቀሳቀስ ሲጀምር ፖሊሱ በበሩ ደፍ ላይ ተንጠላጥሎ ሾፌሩን ተኩሶ ገደለው። የታችኛው ፍርድ ቤት ተንጠልጥሎ የቆየባትን ሁለት ሰከንድ ብቻ መዝኖ ነበር። ዘጠኙም ዳኞች ይህን ውድቅ አደረጉ፦ ወደዚያች ቅጽበት ያመራው ሁሉ መታየት አለበት። ፖሊሱ አደጋውን ራሱ ከፈጠረው ምን ይሁን የሚለውን ግን ሳይወስኑ አለፉት።

መመዘኛው ይህ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ የሥርዓቱ በሮች አሉ። ክሱን የሚመሠርተው የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እሱም ሌላ መዝገቡን ሁሉ የሚያሸንፈው በእነዚሁ ፖሊሶች ምስክርነት ነው። ክስ ከተመሠረተ፣ ጥፋተኛ ለማለት የጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች) አባላት በሙሉ መስማማት አለባቸው። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ ፖሊሱ የሟቹን መብት ሆን ብሎ እንደጣሰ መረጋገጥ አለበት፤ ስህተት፣ ድንጋጤ፣ ቸልተኝነት አይበቃም። ሰው ከገደሉት ፖሊሶች የሚከሰሱት ከመቶ ሁለት የማይሞሉትም ለዚህ ነው።

ቢሆንም ቪዲዮ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ዋና ሥራው የመጀመሪያውን የፖሊስ መግለጫ ማፍረስ ነው። ቺካጎ ላይ ላኳን ማክዶናልድ የተባለ ወጣት ቢላ ይዞ ፖሊሶቹ ላይ እንደመጣባቸው ተነግሮ ነበር፤ ከ13 ወር በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የወጣው ቪዲዮ እየራቀ ሲሄድ በ16 ጥይት ሲመታ አሳየ፣ ተኳሹም በ2018 ተፈረደበት። የፍሎይድን ሞት ሚኒያፖሊስ ፖሊስ መጀመሪያ ያሳወቀው «በሕክምና ችግር» የሞተ ሰው ብሎ ነው። ኖርዝ ቻርልስተን ላይ ዋልተር ስኮት የተባለ ሰው ሲሸሽ ከጀርባው ሲመታ የሚያሳየው የመንገደኛ ስልክ ባይኖር ተኳሹ ፖሊስ ማይክል ስላገር 20 ዓመት አይፈረድበትም ነበር። እዚያም እንኳ የስቴቱ ጁሪ ሳይስማማ ተበትኖ፣ ቅጣቱ የመጣው በፌዴራሉ መንገድ ጥፋቱን አምኖ ነው።

የፍትሐ ብሔሩ መንገድ ደግሞ የራሱ ጋሬጣ አለው። ቤተሰቡ ፖሊሱን በግሉ ሲከስ፣ ከዚያ በፊት በጣም የሚመሳሰል ጉዳይ ሕገወጥ ተብሎ ካልተፈረደ ፖሊሱ ያመልጣል። የተለየ ያለመከሰስ ከለላ የሚባለው ይህ ነው። ኮሎራዶ በ2020 በስቴቱ ፍርድ ቤት አስቀርቶታል፤ በአብዛኛው አገር ግን እንዳለ ነው። በስምምነት የሚከፈለው ትልቁ ገንዘብ፣ ለፍሎይድ ቤተሰብ 27 ሚሊዮን፣ ፖሊስ ቤቷ ገብቶ ለገደላት ለብሪዮና ቴይለር ቤተሰብ 12 ሚሊዮን ዶላር፣ የሚወጣው ከከተማው ካዝና ነው። ከፖሊሱ ኪስ አይነካም።

ወደ እርስዎ መሪ እንምጣ። በታክሲው ተራ «እኛ ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» የሚል አይጠፋም። የፖሊስ ቅጽ ላይ ሐበሻ የሚል ሳጥን የለም። ኢትዮጵያዊውን ሙሉጌታ ሥራውን በ1988 ፖርትላንድ ላይ የገደሉት ዘረኞች ፖሊሶች አልነበሩም፤ የመጣበትን አገር ግን አልጠየቁትም።

አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆም ወርዶ፣ አንገት ሰበር አድርጎ ማስረዳት ጨዋነት ነው። እዚህ ከመኪና መውረድ እንደ ጥቃት ይቆጠራል። ፍሬቻ አብርተው በቀኝ በኩል ብርሃን ያለበት ቦታ ይቁሙ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ ማታ ከሆነ የውስጡን መብራት ያብሩ፤ መስታወቱን ዝቅ አድርገው ሁለቱንም እጅ መሪው ላይ ያኑሩ። ፖሊሱ መስኮቱ ጋ ሳይደርስ መንጃ ፈቃድ ፍለጋ ኪስዎ አይግቡ፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ከኋላ ሲታይ ትከሻ ጎንበስ ማለት ሽጉጥ መደበቅ ይመስላል። ሲጠየቁ ወረቀቱ የት እንዳለ በቃል ይናገሩ፣ ፈቃድ ይጠብቁ፣ ከዚያ በቀስታ ያውጡ። ውረድ ካለ ይውረዱ፤ ከ1977 ጀምሮ ሾፌሩን፣ ከ1997 ጀምሮ ተሳፋሪውንም የማስወረድ ሥልጣን አለው። መኪናውን ልፈትሽ ካለ «አይ ዱ ኖት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች» (ለፍተሻው አልፈቅድም) ማለት መብትዎ ነው፤ ከፈተሸም በእጅዎ አይከልክሉ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ነው።

ይህ ሁሉ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ፊላንዶ ካስቲል በሚኒሶታ በሕይወቱ ቢያንስ 46 ጊዜ መኪናውን አስቁመውታል። ጁላይ 6 ቀን 2016 ፖሊሱ በሬዲዮ የተናገረው ሾፌሩ በሰፊ አፍንጫው የዝርፊያ ተጠርጣሪ እንደሚመስል ነው፤ ለካስቲል የነገረው ግን ስለ ፍሬን መብራት ነበር። ካስቲል ፈቃድ ነበረውና «ጌታዬ፣ መሣሪያ መያዜን ልነግርዎ ይገባል» አለ። ሴኮንዶች ቆይቶ ሰባት ጥይት ተተኮሰ፤ ኋላ ወንበር የ4 ዓመት ሕፃን ነበረች። ጁሪው ፖሊሱን በነጻ ለቀቀው።

ስለዚህ ይበልጥ የሚያድነው የመቆሙን ብዛት መቀነስ ነው። ቨርጂኒያ ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ አንድ የጠፋ መብራት፣ የጠቆረ መስታወት ወይም መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ብቻውን ለማስቆም ምክንያት እንዳይሆን በሕግ ከልክላለች። መስተዋትዎ ላይ መቁጠሪያ ወይም መስቀል ከሰቀሉ ይህ በቀጥታ ይመለከትዎታል። ሆኖም ሕጉ የፖቶማክን ወንዝ አይሻገርም፤ ተሳፋሪ ይዘው ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ሲገቡ ከኋላዎ ቀርቷል። ሚኒሶታ ውስጥ በ2021 ዳንቴ ራይት ሲቆም ያለፈበት የሰሌዳ ተለጣፊና መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ሽቶ ተጠቅሰዋል፤ ፖሊሷ ቴዘር (በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሣሪያ) መዘዝኩ ብላ ሽጉጥ ተኮሰች፤ ሞተ። መቁጠሪያውን መሳቢያ ውስጥ ያኑሩት።

ቅር ያሰኘዎት ነገር ካለ ከመንገዱ ዳር አይከራከሩ። የፖሊሱን ስምና የደረት ቁጥር፣ የመኪናውን ቁጥር፣ ቦታውንና ሰዓቱን እዚያው ቀን ይጻፉ። ቲኬቱን ፎቶ ያንሱ። አቤቱታውን በጽሑፍ ለመምሪያው ያስገቡ፤ ፖሊሱ ደረቱ ላይ የሚያደርገውን የቦዲ ካሜራ ቅጂም በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መምሪያዎች ለክርክር ያልተፈለገ ቪዲዮ ቀኑ ሲደርስ ያጠፋሉ። ጉዳዩ ዲሲ ውስጥ ከሆነ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ስለሚያካትት በአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።